ሁለት መቶ አርባ

ይህን ታሪክ ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ የሚከተለውን ማወቅ ይበቃዋል። አንዲት ወጣት አጥኚ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጤናቸውን በገዛ እጃቸው እንዴት እንደሚጠብቁ ለማወቅ በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጥናት ጀመረች። ዘዴዋ ቀላል ነበር፤ አረጋውያኑን በዕጣ ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረቻቸው። ጥንዶቹ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ በስልክ ይገናኛሉ፤ አንዱም ሌላውን አራት ጥያቄ ይጠይቃል። መድኃኒትዎን ወሰዱ? ልኬትዎ ስንት ሆነ? እግርዎን አዩ? ትናንት ምን ያህል ተራመዱ? የተጠየቀው ይመልሳል፤ የጠየቀው በራሱ ደብተር ላይ ይጽፋል። የአንዱ ጤና በሌላው እጅ ጽሑፍ ይመዘገባል ማለት ነው። አጥኚዋ፣ “ሰው ለራሱ ሲጽፍ ራሱን ያባብላል፤ ለሌላ ሰው መልስ ሲሰጥ ግን ያፍራል” የሚል እምነት ነበራት።

ዕጣው አንድ ጡረተኛ ዳኛና ጡረታ የሚባል ነገር የማታውቅ አንዲት ልብስ ሰፊ አጣመረ። እርሱ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ስኳር አለበት፤ ሚስቱን ከቀበረ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ መጻሕፍት በሞሉበት ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻውን ይኖራል። እርሷ የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ ደም ግፊት አለባት፤ ትዳሯ በወጣትነቷ ፈርሶ፣ ዕድሜዋን በስፌት መኪና ላይ አሳልፋ፣ ከታናሽ እህቷ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ንግግራቸው አምስት ደቂቃ አይሞላም ነበር። በሁለተኛው ወር እህቷ ያፈላችላት ሻይ በስልኩ አጠገብ ሳይጠጣ ይቀዘቅዝ ጀመር።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ግን የዳኛው ድምፅ ተንተባተበ። “ችሎቱ… ችሎቱ ለዕረፍት ተነሥቷል” አለ። ቀጥሎ አንድ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ ለአጥኚዋ ደወለች፤ አጥኚዋ ለዳኛው ሴት ልጅ ደወለች፤ ልጁም ሁለት መንገድ ተሻግራ ስትደርስ አባቷን ወለሉ ላይ፣ ላብ አጥምቆት አገኘችው። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ሠላሳ ስድስት ወርዶ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቢያልፍ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

*

የሆስፒታሉ ግድግዳ እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ነው። ልብስ ሰፊዋ ከጧት ጀምራ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን መሥመር ስታይ ውላለች። መሥመሩ ጠማማ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ያበሳጫት ነበር፤ ዛሬ ግን ዓይኗ የሚያርፍበት በማግኘቱ ብቻ አመሰገነች። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ አድርጋ መምጣቷን እንኳ ያወቀችው ከቀትር በኋላ ነው።

የዳኛው ሴት ልጅ ከክፍሉ ወጣች። የሕንፃ መሐንዲስ ናት፤ ሥራዋ በተሠራ ነገር ላይ ስንጥቅ መፈለግ በመሆኑ ሰውንም የምታየው እንዲሁ ነበር። በአንድ እጇ የአባቷን የስኳር መለኪያ፣ በሌላው እጇ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ራሷ “ለሐኪሙ ይጠቅማል” ብላ የሰጠችውን ደብተር ይዛለች።

“እማማ፣ ይህ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?”

“የእኔ ነው የኔ ልጅ። አባትሽ እንዴት ናቸው? ነቁ?”

“ነቅቷል። እስቲ የትናንቱን፣ የሰኞውን ያንብቡልኝ።”

“ሁለት መቶ አርባ።”

“እሑድስ?”

“ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት።”

መሐንዲሷ መለኪያውን አብርታ ወደ አሮጊቷ ፊት አቀረበችው። “ይህ መሣሪያ የለካውን ሁሉ ያስታውሳል። ሰኞ መቶ ስምንት። እሑድ መቶ አሥራ አራት። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ከመቶ ሠላሳ አላለፈም። የጤና ጣቢያው ነርስ የእርስዎን ደብተር አይታ ኢንሱሊኑን ሁለት ጊዜ ጨመረችለት። የዳነውን ሰው እንደ ታመመ ቆጥረው…” መለኪያውን አጠፋችው። “አባቴን ልትገድሉት ነበር።”

“እኔ እርሳቸው የነገሩኝን ነው የጻፍኩት።”

“አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኛ ነበር። አንዲት ቁጥር አዛብቶ አያውቅም።” መሐንዲሷ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ጠየቀች። “ለመሆኑ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምረዋል?”

“እስከ አራተኛ።”

“ይኸው!”

የደብተሩን ገጾች በስልኳ ፎቶ አነሣችና መለሰችላት፤ በሩም ተዘጋ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን በስንጥቁ ውስጥ የአልጋው ጫፍ፣ ከአንሶላው ሥር የወጣ አንድ እግር ታየ። ልብስ ሰፊዋ ያንን እግር ለሦስት ወር በየማለዳው ስትጠይቅ ኖራለች። ጣቶቹ መካከል ቁስል አለመኖሩን፣ ተረከዙ አለመሰንጠቁን፣ ትንሿ ጣት መደንዘዟን ሁሉ ታውቃለች። በዓይኗ ስታየው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወደ ቤት በሚወስዳት ታክሲ ውስጥ መልሱ መጣላት። “በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ አርባ ዓመት የሰው ወገብ ለክቻለሁ፤ ሱሪው የወለቀበት ሰው ግን የለም” ማለት ነበረባት። ለትልቅ ሰው የሚሆን መልስ ምንጊዜም የሚመጣው ታክሲ ውስጥ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሾፌሩ በመስታወት እንዳያያት።

*

“እሺ፣ ዳኛሽ ምን ፈረዱብሽ?” አለች ታናሽ እህቷ፣ የታመመ ጉልበቷን በርጩማ ላይ እንደ ዘረጋች።

“እርሳቸው አይደሉም። ልጃቸው ናት የፈረደችብኝ።”

“ድሮም ነግሬሻለሁ እትዬ። ትልቅ ቤት በር ላይ የቆመ ድኻ፣ የጠፋ ነገር ሁሉ በእጁ ነው የሚፈለገው።”

ልብስ ሰፊዋን ግን ከስድቡ ይልቅ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር፤ ራሷን መጠራጠር ጀምራለች። ጆሮዬ ቢሆንስ? ከእኔ እርጅና የተነሣ ቢሆንስ ያ ሰው ወለል ላይ የወደቀው? ይህን ሐሳብ ይዛ መተኛት አልቻለችም። በነጋታው ጧት እህቷን ወደ ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋችና በስልክ ቁጥር እንድትጠራላት አዘዘቻት።

“መቶ አሥራ ሁለት!” አለች እህቷ ከጓዳ።

“መቶ አሥራ ሁለት” ብላ ጻፈች።

“ሁለት መቶ አርባ!”

“ሁለት መቶ አርባ።”

“ሰባት ሚሊዮን ከአምሳ ሳንቲም!”

“አትቀልጂ አንቺ! የሰው ነፍስ ነው!”

“ጆሮሽ ከእኔ ጆሮ ይሻላል። አሁን አውጪኝ፤ እዚህ ሽንኩርት እየሸተተኝ ነው።”

አርባ ቁጥር ተጠራ፤ አርባውም ልክ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማንበብ ያዘች። እንደ ተማረ ሰው አላነበበችም፤ እንደ ልብስ ሰፊ አነበበች። ቁጥሮቹን እንደ ደረት፣ እንደ ትከሻ፣ እንደ ክንድ ልኬት አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የዳኛው ልኬት ይዘላል፤ መቶ ሠላሳ አንድ፣ ዘጠና ሰባት፣ መቶ አርባ ሁለት፣ መቶ ዘጠኝ። ሥጋ ለባሽ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ያበጠው ነገ ይጎድላል። ከዚያ በድንገት አንድ ገጽ ላይ ቁጥሩ ተለወጠ። ሁለት መቶ አርባ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። ሁለት መቶ አርባ። ሁለት መቶ አርባ ሁለት። ሁለት መቶ አርባ። ሃያ ሁለት ቀን እንዲሁ፣ እንደ ተሰለፈ ወታደር።

“የሰው ገላ እንዲህ አይለካም” አለች ቀስ ብላ። “ይህ የተለካ አይደለም። ይህ በመቀስ የተቆረጠ ነው።”

ቁጥሩ የተለወጠበትን ቀን አየች።

ያን ዕለት ሁለቱም ለወርኃዊ ምርመራ ጤና ጣቢያ ተገናኝተው ነበር። አጥኚዋ ደስ ብሏት ዳኛውን እንዲህ አለችው። “እንኳን ደስ ያለዎት! ልኬትዎ ለሁለት ሳምንት እንዲህ ከቆየ ከጥናቱ በድል ይሰናበታሉ። ጓደኛዎን ደግሞ እርዳታ ከሚያስፈልገው ሌላ ሰው ጋር አጣምራቸዋለሁ።” ዳኛው “እንዲያ ነው እንዴ?” ብሎ ባርኔጣውን አደረገ፤ ወዲያው ደግሞ አወለቀ። ልብስ ሰፊዋን አላያትም። እርሷ ይህን አለማየቱን እንደ ደስታ ቆጥራው ነበር፤ “ተገላገልኩ ማለቱ ነው” ብላ፣ አውቶቡስ ውስጥ አልቅሳ፣ እቤቷ ስትደርስ ዓይኗ ውስጥ አቧራ እንደ ገባ ለእህቷ ተናግራ ነበር።

እና በማግሥቱ፣ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ፣ ያ ድምፅ “ሁለት መቶ አርባ” አለ።

“ምን አገኘሽ?” እህቷ በርጩማዋን እየጎተተች ቀረበች።

“ዋሽቶኛል።”

“ታዲያ ምን ያስቅሻል?”

“አልሳቅኩም።”

“እትዬ፣ እያለቀስሽ እየሳቅሽ ነው። በሞቴ ንገሪኝ፤ አስፈራሽኝ እኮ!”

ልብስ ሰፊዋ ነገረቻት። እህቷ ራሷን ነቀነቀች። “ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ልብ አንድ ቀን ሲነሣ እንዲህ ያለ ጅልነት ይሠራል? እና አሁን ምን ልታደርጊ ነው? ሄደሽ ለዚያች ለልጁ ንገሪያት! አባትሽ ነው ቀጣፊው በያት!”

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ዘጋች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ፊቱ ቆሞ “እውነቱን ብቻ እናገራለሁ” ብሎ የማለለትን ሰው፣ በገዛ ልጁ ፊት ውሸታም ታደርገዋለች? በአርባ ዓመት ሥራዋ የሰውን ጉድለት በስፌት ስትሸፍን ኖራለች፤ አንዱ ትከሻ ከሌላው ቢያንስ ጥጥ ትጨምራለች እንጂ ለአላፊ አግዳሚው አታሳይም። እንደ ተወደደች ባወቀችበት ሰዓት የወደዳትን ሰው እንዴት ታዋርደው? ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ደረቷ ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱንም የምታኖርበት ቦታ አልነበራትም።

*

የአጥኚዋ ቢሮ ድሮ የዕቃ ማከማቻ ነበር፤ መስኮቱ ከውኃ ታንከር በቀር ምንም አያሳይም። ልጅቷ ከማክሰኞ ወዲህ እንቅልፍ እንዳላገኘች ዓይኗ ይናገራል። አለቆቿ ጥናቱን ሊዘጉት እንደሚችሉ ነግረዋታል።

ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን አስረከበችና በላዩ ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት አኖረች። በወረቀቱ ላይ በቀስታ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው ይህ ነበር።

“ለጥናቱ ክፍል። ዳኛው በየማለዳው ልኬታቸውን በትክክል ሲነግሩኝ እኔ አሳስቼ ጽፌአለሁ። ጆሮዬ ደክሟል፤ ዓይኔም እንደ ቀድሞው አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ የእርሳቸውም የአጥኚዋም አይደለም። ስለ ደረሰው ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በፈቃዴ ከጥናቱ ወጥቻለሁ። ዳኛው ጤና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው።”

አጥኚዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። “እማማ፣ ዓይንዎን ባለፈው ወር እኔው ነኝ የመረመርኩት። በመርፌ ቀዳዳ ክር ያለ መነጽር ያስገባሉ።”

“ተቀበይኝ ልጄ።”

“ያልሆነውን ሆነ ብዬ ልጽፍ? ጥናት በሐሰት አይቆምም እኮ!”

“የሰው ክብርስ በምን ይቆማል?”

ልጅቷ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። አንዳንድ ጥያቄ ከመጽሐፍ የሚመለስ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ትከሻዋን ዳበሰቻትና ወጣች።

በማግሥቱ ማለዳ አንድ ሰዓት ሲሆን እጇ ከልማዷ የተነሣ ወደ ስልኩ ሄደ። ከመንገድ መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ በሌላው እጇም ያዘችው፤ እንደሚያለቅስ ልጅ።

*

ስልኩ የጮኸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አጥኚዋ ነበረች። “እማማ፣ ዳኛው ይፈልጉዎታል። መጥሪያ ነው በያት ብለዋል።”

“የምን መጥሪያ? ሰውዬው አልተሻላቸውም እንዴ?”

“ተሽሏቸዋል። ካልመጣች ተይዛ ትቅረብ ብለዋል።”

እህቷ ይህን ስትሰማ ከርጩማዋ ብድግ አለች። “ሰማያዊውን ቀሚስ ልበሺ። ለፍርድም ቢሆን ለሌላም ነገር ይሆናል።”

ሰማያዊውን ለበሰች። በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ያቆማት ግፊቱ ብቻ አልነበረም።

ዳኛው አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል። ጢሙ ተላጭቷል፤ ፊቱ ከስቷል፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ አንድ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱን አወቀችው። ሴት ልጁ በመስኮቱ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። አጥኚዋ በሩ አጠገብ ናት፤ ፊቷ ላይ ጥፋተኝነትና ግትርነት ተደባልቀዋል። ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ዳኛው ቀና ብሎ አያት፤ እርሷም አየችው። በስልክ ሽቦ ጫፍና ጫፍ የኖሩ ሁለት ሰዎች አሁን ሦስት እርምጃ ብቻ ሲለያያቸው፣ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው።

“ይህ ቃል የእርስዎ ነው?” አለ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ።

“የእኔ ነው።”

“ማንም ሳያስገድድዎት?”

“ማን ያስገድደኛል ክቡር ዳኛ።”

“በሥራ ዘመኔ ብዙ ሐሰተኛ የእምነት ቃል አይቻለሁ” አለ ዳኛው። ድምፁ ደክሟል፤ ቃላቱ ግን ተራቸውን ጠብቀው ይወጣሉ። “ሰው ለወንድሙ ብሎ፣ ለልጁ ብሎ፣ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል። የሚያሳዝን ነው፤ ያኮራልም። ግን አንድም ቀን ተቀብዬ አላውቅም።” ወረቀቱን አጥፎ ለአጥኚዋ ዘረጋላት። “ይህንን ቅደጂው ልጄ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እርሷ ስጠይቅ ‘ቤቷ ናት፣ ደኅና ናት’ ሲሉኝ ነበር። አንቺ መጥተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ በእኔ ምክንያት የተከሰሰች መሆኗን ሳላውቅ እቀር ነበር።”

“አባዬ፣ ተው አሁን፤ ይደክምሃል” አለች መሐንዲሷ።

“ተቀመጪ ልጄ። ቆመሽ የምትሰሚው ነገር አይደለም።” እስክትቀመጥ ጠበቀ። “መለኪያው እውነቱን ነው የተናገረው። እርሷም የሰማችውን ነው የጻፈችው። በመካከል የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

ከውጭ የመድኃኒት ጋሪ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማል።

“አንተ?” አለች ሴት ልጁ። “ለምን?”

“ቁጥሩ ካማረ ያሰናብቱኝ ነበር።”

“ከምን?”

“ከማለዳ አንድ ሰዓቷ” አለ ዳኛው፤ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፋ።

መሐንዲሷ አባቷን አየች፤ ከዚያ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችውን ሴት አየች። ፊቷ ላይ ቁጣ መጣ፤ ቁጣውም መቆሚያ አጥቶ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። “እኔስ? እኔም እኮ በየቀኑ እደውልልሃለሁ አባዬ! ብቻህን የተውኩህ ታስመስለዋለህ!”

“ትደውያለሽ፤ አንድም ቀን አላስታጎልሽም። ‘ደኅና ነህ?’ ትይኛለሽ፤ ‘ደኅና ነኝ’ እልሻለሁ፤ ስብሰባ አለብሽና ትዘጊዋለሽ። አልቀየምኩሽም። እርሷ ግን ‘እግርዎን አዩ?’ ትለኛለች። ‘አየሁ’ ስላት ‘የግራውን ወይስ የቀኙን?’ ትላለች። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እግሬ የሚገደው ሰው አልነበረኝም።”

ልጁ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ልብስ ሰፊዋ አንድ እርምጃ ተጠጋች። “አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ቁጥሩን ዋሹ፤ እሺ። የተጨመረውን መርፌ ግን ለምን ተወጉ? ‘ወሰድኩ’ ብለው መዋሸት አልነበር?”

“እርሱንማ አልቻልኩም።”

“እንዴት?”

“ለራሴ የፈቀድኩት አንድ ውሸት ብቻ ነበር። ‘መድኃኒትዎን ወሰዱ?’ ብለው ሲጠይቁኝ ‘አዎ’ የምለው እውነት መሆን ነበረበት። ሁለቱንም ከዋሸሁ ምን የቀረኝ ጨዋነት አለ ብዬ…”

“አንተ ሰውዬ!”

ድምፅዋ ከክፍሉ አልፎ ወጣ። በመተላለፊያው የምታልፍ ነርስ አንገቷን አስግጋ አየችና ተመለሰች።

“አንተ ሰውዬ፣ ጨዋ ለመሆን ብለህ ልትሞት ነበር? ወንበሩ ሲወድቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ! ከዚያ ዝምታውን ሰምቻለሁ። ስምህን ስጠራ፣ ስጠራ፣ ስጠራ… ታክሲው ውስጥ ሆኜ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ‘ቢሞት ማን ይነግረኛል?’ ብዬ አሰብኩ። ዘመድ አይደለሁ፤ ጎረቤት አይደለሁ። ልጅህ በር ላይ ‘አንቺ ማነሽ?’ ብትለኝ ምን እላታለሁ? ‘ስኳሩን የምጽፍለት ነኝ’ ልበላት? በምን ስሜ ላለቅስልህ ነበር?”

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ብዙ ሰዎች በፊቱ አልቅሰዋል፤ እርሱም በዝግታ ውኃ እንዲሰጧቸው ያዝ ነበር። አሁን ግን ውኃውን የሚፈልገው ማን እንደሆነ አልለየም።

“ይቅርታ” አለ። “ይቅርታ አድርጊልኝ።”

አጥኚዋ በእጇ መዳፍ ዓይኗን ጠረገች። “ሁለታችሁንም ከጥናቱ ማስወጣት አለብኝ” አለች። “የሆነውንም ሁሉ እንደሆነ እጽፋለሁ፤ የእኔን ጥፋት ጭምር። የተሻለውን ሰው ጓደኛውን የሚነጥቅ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከመዳን ይልቅ መታመም የሚጠቅም አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ በማንም ላይ አይሠራም።”

“ጎበዝ” አለ ዳኛው። “እንዲህ ነው የሚጻፈው።”

መሐንዲሷ ተነሥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደች። ቁመቷ ከእርሷ በላይ ነው፤ አሁን ግን ጎንበስ ብላ ነበር። “እማማ፣ ያን ቀን የተናገርኩት… ስለ ትምህርት ያልኩት…”

“አልረሳሁትም” አለች ልብስ ሰፊዋ። “እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎም አልረሳውም። ግን ይቅር ብዬሻለሁ። ለአባትሽ ደንግጠሽ ነው፤ እኔም ደንግጬ ነበር።” ከዚያ የመሐንዲሷን የኮት አንገት፣ ሳታስበው፣ ባለሙያ እጇ እንደ ለመደ፣ አቃናችላት። መሐንዲሷም ይህን ስትሠራላት እንደ ቆመች ቀረች፤ ሰው አንገቷን እንዲህ ካቃናላት ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር።

“እንግዲህ” አለ ዳኛው፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ። “ከነገ ጀምሮ ጥናት የለም፤ ደብተርም የለም። የሚያስገድደን ነገር የለም። ያለ ምንም ምክንያት ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ብደውል… ታነሺልኛለሽ?”

“አላነሣም።”

ፊቱ ጠቆረ። ሴት ልጁ ለአባቷ ብላ ልትናገር ፈለገች፤ አጥኚዋ ክንዷን ያዘቻት።

“በስልክ የምትነግረኝን ቁጥር ከእንግዲህ አላምንም” አለች ልብስ ሰፊዋ። “አንዴ ዋሽተኸኛል። ዓይኔ እያየ፣ ፊቴ ተቀምጠህ ነው የምትለካው። በየማለዳው።”

ዳኛው በሕግ ሰው ጥንቃቄ ነገሩን መመርመር ጀመረ። “ያንቺ ቤት ሩቅ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ለመድረስ ገና ሳይነጋ መውጣት አለብሽ። በየቀኑ በዚያ አውቶቡስ መመላለስ ደግሞ ለግፊትሽ…”

“መመላለስ አልችልም” አለች። “ማን እመላለሳለሁ አለህ?”

ለጥቂት ጊዜ አልገባውም። ለሴት ልጁ ቀድሞ ገባት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀስ በቀስ ከዳኛው አንገት ተነሥቶ እስከ ጆሮው የሚወጣ ቅላት ታየ፤ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሁሉ ሕመም ላይ። ብርድ ልብሱን ያዘ፤ ለቀቀው።

መሐንዲሷ ምንም ሳትናገር ከመስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር አነሣች፤ እንዳይጮህ አልጎተተችውም፤ አምጥታ አልጋው አጠገብ፣ ከአባቷ ራስ በኩል አኖረችው። ከዚያ አጥኚዋን ይዛ ወጣች፤ በሩንም በቀስታ ገጠመችው።

ልብስ ሰፊዋ ተቀመጠች። እርሱም እጇን ያዘ። አርባ ዓመት ሙሉ በማንኛውም ወንበር ላይ ስትቀመጥ የሚጠብቃት ሥራ ነበር፤ ዓይኗ ወደ ሰዓት፣ ልቧ ወደሚቀጥለው ልብስ ይሸሽ ነበር። አሁን የትም አልሸሸም። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ብርድ ልብሱን አልፎ ወደ ወለሉ ሲወርድ አየችው፤ ለመነሣትም አልቸኮለችም።